ለመጽሐፉ ታማኝ

ክፍል ውስጥ ልጆቹን ለማጣላት ስፈልግ የምወረውራት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። «ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲለወጥ ለመጽሐፉ ታማኝ ቢሆን ይሻላል፣ ወይስ እንደ ልቡ ቢሄድ?» መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ከተማ፣ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ጥያቄዋን ጣል አድርጌ ቁጭ ነው፤ የቀረውን ክፍለ ጊዜ እነሱ ይጨርሱታል። እኔ ራሴ ሁልጊዜ ከታማኙ ወገን ነበርኩ። ደራሲ ስንት ተጨንቆ የጻፈውን ማንም ብድግ ብሎ ይቆራርጠዋል ወይ? እል ነበር። ዘንድሮ ጥያቄዋን አልጠየቅሁም። ከእንግዲህም አልጠይቃትም። ታማኙንም እንደ ልቡ የሄደውንም፣ ከአንድ መጽሐፍ የወጡትን ሁለት ፊልሞች፣ በእናቴ ላይ ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ «ውይ ደስ ሲል፣ የእጅ ጥበብ!» ይለኛል። ድንቄም! እኛ አገር ሸክላ የሚሠራ ጠይብ ነው፤ ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። ይህን የሚያምነው ሰው ታዲያ ውሃውን የሚቀዳው በእናቴ እንስራ፣ ጠላውን የሚጠምቀው በእናቴ ጋን፣ ሽሮውን የሚያንተከትከው በእናቴ ድስት ነው። በሠራችው ዕቃ ይበላል፤ የጋገረችውን ዳቦ ግን አይነካም። ዕቃው ንጹሕ፣ እጇ ቡዳ። ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሌላ ሰው ጤና ይለምናል፣ ዝናብ ይለምናል። የእናቴ ስለት አንድ ነበር፦ «እጄ ይበላልኝ።» ይህችን ለማግኘት ግማሽ ዕድሜዋን ፈጅታለች። የነፍስ አባቷ፣ የደብራችን ሽማግሌ ቄስ፣ ከስንቱ ጋር ተሟግተው ሰንበቴ አስገቧት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተራው የደረሰ ሰው ዳቦና ጠላ ይዞ ማኅበርተኛውን ሁሉ ያበላል፤ እዚያ ያበላ የትም ያበላል። የመጀመሪያ ተራዋ ዕለት ዳቦውን እንደ መድኃኒት ቆንጥረው ነው የቀመሱላት። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ግን ተለመደች፤ ሴቶቹ ለልጆቻቸው በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ መውሰድ ጀመሩ። ያን ያየች ዕለት እናቴ እንደ ልጅ አለቀሰች። «ለልጅ ቋጠሩ እኮ! ለልጅ!» እያለች ቤት እስክንደርስ አላቆመችም።

ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ሰው ዕቃ ሲያዛት እንዳይጠፋት ዕቃውን በሰውየው ስም ትጠራዋለች። ጭቃውን እያሸች፣ «ይቺ የሙሴው ሚስት ናት፣ ወገቧን ሰፋ እናድርገው። ይሄ ሊቀ መንበሩ ነው፤ አፉን እናጥብበው፣ አብዝቶታል» ትላለች። በኩበት እሳት ስታቃጥላቸው አንዱ ጧ! ብሎ ከተሰነጠቀ ደግሞ እጇን አጨብጭባ «እንግዲህ ነፍስ ይማር!» ነው። ባለቤቲቱ ቆማ ከሆነ «በይ ሌላ ነፍስ ሥሪልኝ» ትላታለች። ተሳስቀው ይለያያሉ። ሙሴ የምንለው የሰንበቴውን መሪ ነው፤ ያቺ ሚስቱ፣ ከሁሉም በላይ የምትስቀው እሷ ነበረች።

በዚህ ቀልድ ሲስቅ ያደገ አንድ ሰው አለ፤ የአክስቴ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ስለራቀው እናቴ ቤት ሆኖ ነው የተማረው። ከአንድ ሌማት በልተናል። አዲስ አበባ ሲገባ የጠይብ ልጅነቱን አራግፎ የቄስ ዘር ሆነ፤ ይሁንለት፣ ብችል እኔም እሆን ነበር። ቆየና ደራሲ ሆነ። አስፈሪ ልብ ወለድ ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ደገኛ ሸክላ ሠሪ አለች፤ የጠላችውን ሰው ስም በጭቃው ላይ ትጠራለች፣ ዕቃውን እሳት ውስጥ ትከታለች፣ ዕቃው ሲሰነጠቅ ሰውየው ባለበት ይሞታል። ያን ጊዜ እጇን አጨብጭባ «እንግዲህ ነፍስ ይማር» ትላለች።

አንብቤ እንደጨረስኩ ደወልኩለት።

«የእናቴን ቀልድ ምን አደረግኸው?»

«አንቺ ደግሞ! ልብ ወለድ እኮ ነው። አስተማሪ አይደለሽ እንዴ?» አለኝ፤ ይስቃል።

የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል እሰማ ነበር። ለዚህኛውማ ወጪቱንም የሠራችለት እሷው ናት።

ለእናቴ ነገርኳት። ክፉ አድርጎ ነው የጻፈሽ አልኳት። ከጭቃዋ ቀና እንኳን አላለችም። «መች ክፉ ሆኜ አሳየሁትና? ያላየውን ከየት አምጥቶ ይጽፋል?» አለች። በእሷ ዘንድ የሚጻፍ ነገር እውነት ብቻ ነው፤ ዳዊትና ተአምረ ማርያም። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ወረቀት አባክኖ ውሸት ይጽፋል ብላት እኔን ነው በዕብደት የምትጠረጥረኝ። ተውኳት። መጽሐፉም ቢሆን ብቻውን ምንም አያመጣም ነበር፤ አገራችን ወሬ እንጂ መጽሐፍ አይገዛም።

የመጣው ፊልሙ ነው። የመጀመሪያውን የሠሩት ልጆች ጨዋዎች ናቸው፤ እንዳልሰድባቸው የሚቸግረኝም ይሄ ነው። ሌላው ቢሆን አዲስ አበባ ዳር አንድ ጎጆ ቀልሶ «መንዝ ነው» ይል ነበር። እነሱ ግን መጽሐፉን ይዘው እመንደራችን ድረስ መጡ። የአክስቴ ልጅ እየመራ እናቴ ግቢ አስገባቸው። ጎጆዋን ለኩ፣ የግድግዳዋን ስንጥቅ ሳይቀር ፎቶ አነሱ። ዋናዋ ተዋናይ እናቴ አጠገብ ጭቃ ላይ ቁጭ ብላ አሸች፤ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ በምን በኩል እጇን እንደምትጠርግ፣ ስትስቅ አፏን በክንዷ እንዴት እንደምትሸፍን አንድ በአንድ ያዘች። እናቴ ዳቦ ቆረሰችላቸው። ሳያመነቱ በሉ፤ ጨምሪልን አሏት። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ብትነካ ይህን ያህል አትደሰትም።

«ስለ ምንድን ነው ግን የምትሠሩት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ስለ እርስዎ ሥራ ነው እናታችን» አሏት።

ውሸት ነው እንዳልል፣ እውነት ነው። እውነትም ነው ብዬ እንዳልቀበል፣ እሷን ቡዳ አድርገው ሊመልሱልኝ ነው። የአክስቴን ልጅ ወደ አጥሩ ወስጄ «ይህን ሰው ሁሉ ሲያየው ምን ይውጣታል?» አልኩት። «ይኮሩባታል» አለኝ። እውነቱን ይሁን እየቀለደ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልቤ ግን አፉን በጥፊ በለው፣ በለው ይለኝ ነበር።

ፊልሙ አልቆ ሲመጣ ዘመሮ ከተማ አዳራሽ እንዲታይ ተደረገ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መስኮቶቹን በባና ብርድ ልብስ ሸፍነው አጨለሙት፤ አዳራሹ ሙሉ የበግ ጠጉር ጠጉር ይሸታል። ከመንደራችን ያልመጣ የለም፤ የሰንበቴው ሰው በሙሉ አለ። የአክስቴ ልጅ ኮት ለብሶ እናቴን እጇን ይዞ ከፊት አስቀመጣት። ክርስትና ልታነሳ እንደምትሄድ ለብሳለች።

ተጀመረ። መጀመሪያ ጽሑፍ መጣ፤ አንድ ተማሪዬ ፊደል ለማያውቁት ጮክ ብሎ አነበበው፦ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ።» ይህች መጽሐፉ ውስጥ የለችም። ፊልሙ ከጫፍ ጫፍ ለመጽሐፉ ታማኝ ሆኖ ከመጽሐፉ ውጭ የጨመራት ቃል እሷን ብቻ ነው፤ ሰው እንዲፈራ።

ከዚያ ጎጆዋ መጣ። የእናቴ ጎጆ፣ እንዳለ! በሩ እንደ ዘመመ፣ ስንጥቁ እንዳለ። ተዋናይቱ ተቀምጣ ጭቃ ታሻለች፤ አቀማመጧ የእናቴ፣ የእጇ አጠራረግ የእናቴ። እሳት ውስጥ አንድ ማድጋ ጧ አለ። ሴትየዋ እጇን አጨበጨበችና በእናቴ ድምፅ፣ በእናቴ ዜማ፣ «እንግዲህ ነፍስ ይማር!» አለች።

እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ፊቷ በደስታ በርቷል። ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ነኝ!» አለች። «እኔ ነኝ እኮ! ቁርጥ እኔ!»

ይህን ነገር የእኛ አገር ሰው ካልሆነ አይረዳው ይሆናል። ቡዳ የበላው ሰው ሲታመም ጭስ ያሸቱትና «ማነህ? ማነሽ?» እያሉ ያስጨንቁታል። ያን ጊዜ በሕመምተኛው አፍ ቡዳዋ ትለፈልፋለች ነው የሚሉት። የምትለፈልፈውም «እኔ ነኝ፣ እኔ እገሊት ነኝ» እያለች ነው። እዚህ አገር «እኔ ነኝ» ማለት በጨለማ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት፣ ያውም ሳይጠይቋት፣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን የለም። እናቴም ታውቃለች። ግን ያን ጊዜ እሷ ቡዳ መባሏን የረሳች ብቸኛዋ ሰው ነበረች፤ ያውም በገዛ እጇ ለፍታ፣ ሰዉንም በዳቦዋ ያስረሳችው መስሏት።

ፊልሙ ቀጠለ። ምን ያደርግ፣ ማሽን ነው። ሴትየዋ የጎረቤቷን ልጅ ስም ጠርታ ትንሽ ገምቦ ሠራች። ገምቦው ተሰነጠቀ። ልጁ ሜዳ ላይ ሲጫወት ወደቀ። እናትየው ስትጮህ የአዳራሹ ሴት ሁሉ አብሮ ጮኸ። እናቴ ተቀምጣለች፤ አንገቷን አስግጋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አየች። ባናው ተነስቶ ብርሃን ሲገባ ግራና ቀኟ ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። መቼ እንደተነሡ አላየሁም። የአክስቴ ልጅ በር ላይ ቆሞ እጅ ይጨብጣል። ሰው ከቦ «እውነት ነው ወይ?» ሲለው ፈገግ ብሎ «ሁሉም ልብ ወለድ ትንሽ እውነት አለው» ይላል። ደራሲ መሆኑ ነው! እግዜር ይይለት።

አስተማሪ ነኝና ፍርዴን ልናገር፦ ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው። እንዲያውም ግሩም ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር አልባከነችም፣ አንዲት ገጸ ባሕርይ አልተዛነፈችም። መጽሐፉ ውስጥ ጎጆዋ በሁለት መስመር የታለፈች ናት፤ ፊልሙ ግን ከመጽሐፉም አልፎ ወደ እናቴ ግቢ ሄዶ እውነቷን አመጣት። እርባና ቢስ ቢሆን ኖሮ ማን ያምነው ነበር?

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ዳገቱን ስንጨርስ ቆም አለችና «ልጁ ግን ለምን ሞተ?» አለችኝ።

«ውሸት ነው እማዬ፣ ተዋናይ ነው። ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቷል።»

«ስሙን ስለጠራሁት ነው?» አለች።

ስለጠራችው አላለችም፤ ስለጠራሁት ነው ያለችው። ተቆጣኋት፣ ጮህኩባት፤ መንገዷን ቀጠለች።

በሳምንቱ ሸክላዎቹ መመለስ ጀመሩ። እውነቴን ነው። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ የሸጠቻቸው እንስራዎች፣ ድስቶች፣ ጋኖች፣ ሙሽሮች ይመስል በጨርቅ እየተጠቀለሉ መጡ። ሰው የጠላውን ሸክላ ይሰብራል፤ እነዚህ ግን እንዴት ይስበሩት? ከተሰነጠቀ ባለቤቱ ይሞታል! አንዷ ጎረቤታችን ድስቷን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን እያየች፣ ላብ በላብ ሆና ደረሰች። አጥሩ ሥር ቀስ ብላ አስቀመጠችውና «የእኔን ስም ከዚህ ላይ አንሺልኝ» አለቻት።

«ስምሽን የት አባቴ አውቄ አነሳዋለሁ? ዕቃ እኮ ነው!» አለቻት እናቴ።

«አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ግቢያችን ሞላ። በጋችን ገብቶ አንዱን እንዳይገፋው መንደርተኛው በጉን ራሱ ይጠብቅልን ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ሁለተኛው ፊልም መውጣቱን የሰማሁት ያኔ ነው። የአክስቴ ልጅ መጽሐፉን ለሌሎችም ሰጥቷቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ለመጽሐፉ ታማኝ መሆን የሚባል ነገር ሰምተውም አያውቁ። ሸክላ ሠሪዋ የለችም! በእሷ ፈንታ ቦሌ ስልክ የሚጠግን አንድ ቆንጆ ጎረምሳ አለ፤ የጠላውን ሰው ስም ስልክ ላይ ይመዘግባል፣ የስልኩ መስታወት ሲሰነጠቅ ሰውየው ይሞታል። መሐል ላይ ሠርግ አለ፤ ለምን እንደሆነ አይታወቅም። ጎረምሳው በሰው መኪና ያመልጣል፤ ከማን እንደሚያመልጥ እሱም አያውቅ። በአንድ ቦታ ሞቶ በሌላ ቦታ ይዘፍናል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዝርክርክ ነገር አላየሁም። ልቤ ግን በደስታ ዘለለ። መንዝ የለችበትም፣ ጭቃ የለችበትም፣ እናቴ የለችበትም! ተመስገን አልኩ፤ ይህ ያድናታል።

አዳራሹን ለመንኩ። ሰዉን ጠራሁ፣ መጣም፤ ፊልም በነጻ ሲሆን ማን ይቀራል። ሲያልቅ ክፍል እንደምቆም ቆሜ አስረዳሁ። «ተመልከቱ። መጽሐፉ አንድ ነው። መጽሐፉ ስለ እናቴ ቢሆን ኖሮ ይሄኛው እንዴት ስለ ቦሌ ጎረምሳ ይሆናል? የፈጠራ ነገር ነው። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያስበው ነው። ያኛውም እንዲሁ ነው።» ደህና አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ እኔ ራሴ አምኜ ነበር። አንዳንዱም ራሱን ሲነቀንቅ አይቼ ነበር።

የሙሴው ሚስት እጇን አወጣች። «መምህር፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ይናገሩ።»

«ይሄማ ግልጽ አይደል እንዴ? ተለውጣ ነዋ!»

አዳራሹ ሙሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ቡዳ ጅብ መሆን ካላቃታት ጎረምሳ መሆን ያቅታታል? ሥራው እንደሆነ ያው ነው፤ ስም ትጠራለች፣ ይሰነጠቃል፣ ሰው ይሞታል። እዚህ ስናውቅባት መልኳን ለውጣ ቦሌ ሄደች።»

ታማኙ ፊልም እሷ መሆኗን መሰከረባት፤ ውሸታሙ ደግሞ መለዋወጧን። ይሄ ነው የሁለቱ ልዩነት፣ ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ።

ከዚያ ስልክ የተሰነጠቀበት ሁሉ እኛ ደጅ ሆነ። አንዱ ጎረምሳ ከበቅሎ ላይ ጥሎት የሰበረውን ስልክ እያሳየ «ስሜን አንሺ! አንሺ እልሻለሁ!» እያለ አጥሩን በዱላ ይደበድባል። እናቴ በዘመኗ ስልክ ነክታ አታውቅም፤ እኔ ስደውል የምታነሳላት ጎረቤቷ ነበረች፣ እሷም ትታታለች። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤ ምሳር ቢሆንስ ደግ ነበር።

የሰንበቴ ተራዋ በዚህ መሐል ደረሰ። ሙሴው መጣ፤ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ተናገረ። ይህ ሰው እናቴን «እርስዎ» ይላት ነበር፤ ዳቦዋን መብላት የጀመሩ ጊዜ ነው «እርስዎ» ማለት የጀመሩት፣ እሷም እንደ ሹመት ነበር የያዘችው። «ለጊዜው ተራሽ ይለፍ» አላት። ተራሽ! እናቴ ተራው ከቀረባት በላይ በዚያች አንድ ፊደል ስትሸማቀቅ አየሁ። «እሺ» አለች። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ «ተራሽ ያልካት ማንን ነው? እናትህን የምታህለዋን ሴት?» ብዬ ጮህኩበት። መንገዱን ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈራኝ እናቴ ሆነች። ጭቃዋን ተወች። ግቢው ውስጥ በተመለሱት ሸክላዎች መሐል እየተቀመጠች በጣቷ ትቆጥራለች። «የዚያች ባልቴት እንስራ እሳት ላይ ተሰነጠቀብኝ፤ ነፍስ ይማር ብዬ ሳቅሁ። በዓመቱ ሞተች አይደል?»

«እማዬ፣ ዘጠና ዓመቷ ነበር!»

«የዚያስ ገበሬ ጋን? በፋሲካው ተሰነጠቀ። እሱን ደግሞ መብረቅ መታው።»

«ሸክላ ሁሉ ይሰነጠቃል! ሰው ሁሉ ይሞታል! ይህን ያህል ዘመን ስትሠሪ ያልተሰነጠቀበት፣ ያልሞተበት ማን አለ?»

«እሱን ነው የምልሽ» አለች ረጋ ብላ።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ግንባሬን ይዤ ተቀመጥኩ። የሰዉን ክፋት ልሰድበው እችላለሁ፣ ለምጄዋለሁም። ይህን ግን ማንን ብዬ ልስደብ?

ተራዋ መታለፉን የነፍስ አባቷ ሰሙ። እሳቸው ሲቆጡ አይጮሁም፤ ድምፃቸው ይቀንሳል። ቅዳሴ ሲወጣ ሙሴውን ጠርተው «የሚቀጥለው እሑድ ተራ የእሷ ነው። ማንም ባይበላ እኔ እበላለሁ። እኔ በልቼ ከሞትኩ ደግሞ ቅበሩኝና ሂዱ» አሉት። ወሬው በአንድ ቀን አገር አዳረሰ። እኔ ተስፋ ማድረግ ጀመርኩ፤ እውነቴን ነው የምለው፣ ከዘመሮ ስንዴ ዱቄት ገዝቼ ሄድኩ። እናቴ አቦካች፣ ጋገረች። ምን እንደምታስብ አልጠየቅኋትም፤ ሥራ ስለያዘች ደስ ብሎኝ ነበር።

እሑድ የሰንበቴው ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ቄሱ ሲበሉ ለማየት የሰንበቴው ማኅበርተኛ ያልሆነው ሁሉ መጥቷል። ዳቦው ባማረ ሌማት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ዳቦ ጋግራ አታውቅም። ቄሱ ጸለዩ፣ ባረኩ። ሴቶቹ የልጆቻቸውን ፊት ሸፍነዋል። አባ እጃቸውን ዘረጉላት፣ «ቁረሺልኝ ልጄ» አሏት።

እናቴ ሌማቱን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አይብሉ አባቴ።»

«ምን?»

«አይብሉ። እግርዎ ሥር ልውደቅ፣ አይብሉ።»

«ለምን ልጄ? የማንን ወሬ ሰምተሽ ነው?»

«የማንንም አልሰማሁም። አየሁ እንጂ።» የገበያ ወሬ እንደምታወራ ነው የምትናገረው። «ያ ፊልም ቤቴን እንዳለ ነው ያሳየው። አቀማመጤን አልዋሸም፣ እጄን አልዋሸም፣ ቃሌን አልዋሸም። ያን ሁሉ እውነት ተናግሮ ያችን አንዷን ብቻ ይዋሻል? እኔ ምን አውቃለሁ አባቴ፤ ተኝቼ ይሁን፣ ሳላውቀው ይሁን፣ እንጃ። ደግሞ ቡዳ በወዳጁ ይጠናል ነው የሚባለው። እርስዎን እወድዎታለሁ።»

የአባ እጅ ተዘርግቶ ቀረ። ከኋላ አንዲት ሴት «ይኸው፣ ራሷ ተናገረች!» ስትል ሰማሁ። ሌላው ሁሉ መቀመጫውን እየተወ ወደ በሩ ሸሸ።

እኔ ሰዉን ገፍቼ ፊቷ ደረስኩ። እጄን ወደ ሌማቱ ሰደድኩ። «አምጪው እማዬ። እኔ እበላዋለሁ፤ ሁሉንም እበላዋለሁ፣ በፊታቸው» አልኳት።

ዳቦውን ከእጄ አሽሽታ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«አንቺንማ ጭራሽ» አለችኝ።